ሃሪ ፖተር ሌላ ተከታይ መጽሐፍ ያስፈልገዋልን?

በ1937 መስከረም ወር «ዘ ሆቢት» የተሰኘው የልጆች መጽሐፍ ለንደን ውስጥ ታትሞ ሲወጣ፣ ተወዳጅነቱን ያየው አሳታሚ ስታንሊ አንዊን ደራሲውን ጄ. አር. አር. ቶልኪንን ወዲያው ሌላ መጽሐፍ ጠየቀው፤ አንባቢው ስለ ሆቢቶች ተጨማሪ ይፈልጋልና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቶልኪን በበኩሉ ለረጅም ዘመን ሲያጠራቅመው የኖረውን የጥንት ዘመን አፈ ታሪክ አቀረበ። አሳታሚው የፈለገው ግን እሱን አልነበረም። የዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ደራሲው የአዲሱን ታሪክ የመጀመሪያ ምዕራፍ ጻፈ። በአሳታሚ ጥያቄ የተጀመረው ይህ ተከታይ መጽሐፍ ለኅትመት እስኪበቃ 17 ዓመት ገደማ ፈጀ፤ በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ሲወጣም ስሙ «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ነበር።

ተከታይ መጽሐፍ ሁሉ የስግብግብነት ፍሬ ነው የሚለው የተለመደ ንቀት ከዚህ ታሪክ ጋር ሲጋጠም ይሰበራል። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ምናባዊ ልብ ወለድ ሁሉ የሚለካበት ሥራ ራሱ ተከታይ ነው፣ ያውም የታዘዘ ተከታይ። ከዚያም አልፎ ተከታዩ ወደ ኋላ ተመልሶ የመጀመሪያውን መጽሐፍ አርሞታል። በመጀመሪያው የ«ሆቢት» እትም ጎለም የተባለው ፍጡር ቀለበቱን በእንቆቅልሽ ጨዋታ ለሚያሸንፈው ሰው ስጦታ አድርጎ ለመስጠት ፈቃደኛ ነበር። በተከታዩ መጽሐፍ ግን ቀለበቱ ማንም በፈቃዱ የማይለቀው ክፉ ኃይል ሆነ። ስለዚህ ቶልኪን የቀድሞውን ምዕራፍ እንደገና ጻፈው፤ በ1951 እትምም የታረመው ታሪክ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚያነቡ ሰዎች የሚያነቡት ልጁ የወለደውን አባት ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ስለ ሃሪ ፖተር ሲነሳ ጥያቄው «ተከታይ መጽሐፍ መልካም ነው ወይስ መጥፎ?» መሆን አይገባውም። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ሁለት ተቀራራቢ ግን የማይገናኙ ቃላት አሉት፤ ይፈለጋል እና ያስፈልጋል። ሰባቱ የጄ. ኬ. ሮውሊንግ መጻሕፍት ከ600 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠዋል፤ ከ80 በላይ በሆኑ ቋንቋዎችም ተተርጉመዋል። ስለዚህ ስምንተኛ መጽሐፍ ቢወጣ እንደሚፈለግ ማንም አይጠራጠርም። ክርክሩ ያለው በሁለተኛው ቃል ላይ ነው። የሚያስፈልገው ለማን ነው? ለምንስ ጉዳይ?

የመጀመሪያው መጽሐፍ በሰኔ 1997፣ ሰባተኛውና የመጨረሻው በሐምሌ 2007 ታተመ። ሰባተኛው የሚዘጋው ከ19 ዓመት በኋላ በሚሆን አጭር ትዕይንት ነው፤ ጎልማሶቹ ገጸ ባሕርያት ልጆቻቸውን በባቡር ጣቢያ ሲሸኙ ይታያሉ። ጸሐፊዋ በሩን በቁልፍ መዝጋቷ ነበር። በሩ ግን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ተከፈተ። በሐምሌ 2016 «ሃሪ ፖተር ኤንድ ዘ ከርስድ ቻይልድ» የተባለው ቲያትር በለንደን ፓላስ ቲያትር ታየ፤ ጽሑፉም በማግሥቱ በመጽሐፍ መልክ ወጣ። ታሪኩን ሮውሊንግ፣ ጃክ ቶርንና ጆን ቲፋኒ በጋራ የነደፉት ሲሆን ተውኔቱን የጻፈው ቶርን ነው። መድረክ ላይ ያየው ሰው አድናቆቱ ተገቢ ነው፤ በ2017 ዘጠኝ የኦሊቪየር ሽልማቶችን ያገኘው በከንቱ አልነበረም። በመጽሐፍነቱ ግን የሚያነበው ሰው የሚያገኘው ምንድን ነው? የሃሪ ልጅና ጓደኛው ጊዜን ወደ ኋላ በሚመልስ መሣሪያ ተጠቅመው በአራተኛው መጽሐፍ የሞተውን ወጣት ለማዳን ይነሳሉ፤ የጨለማው ጌታም ለካ ሴት ልጅ ኖራዋለች። ተከታዩ ወደፊት መሄድ ሲያቅተው ወደ ኋላ ሄደ፤ አዲስ ጠላት መፍጠር ሲያቅተው የሞተውን ጠላት ወለደ።

በሲኒማው በኩል ገበያው ራሱ ፍርዱን በአኃዝ ሰጥቷል። «ፋንታስቲክ ቢስትስ» የተሰኘው ተከታታይ ፊልም ሮውሊንግ በ2001 ለበጎ አድራጎት ካሳተመችው ቀጭን መጽሐፍ መነሻውን ወስዶ በአምስት ክፍሎች እንዲሠራ ታቅዶ ነበር። የ2016ቱ የመጀመሪያ ክፍል በዓለም ዙሪያ ወደ 814 ሚሊዮን ዶላር፣ የ2018ቱ ወደ 655 ሚሊዮን፣ የ2022ቱ ወደ 407 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። አራተኛና አምስተኛ ክፍል አልመጣም። በ2023 የታወጀውም ሌላ ተከታይ ሳይሆን ሰባቱን መጻሕፍት እንደገና በቴሌቪዥን የሚተርክ ድራማ ነው። የንብረቱ ባለቤቶች የተረዱት ነገር አለ፤ ሰው የሚወደው ያንን ታሪክ እንጂ የታሪኩን አጥር ግቢ በሙሉ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ተቺዎች ያቆማሉ። ሰባቱ ይበቃሉ፣ መዝገቡ ይዘጋ ይላሉ። ይህ መደምደሚያ ግን መጻሕፍቱ ራሳቸው የተዉትን ነገር በቅርበት ካለማንበብ የሚመጣ ነው። የሃሪ ፖተር ዓለም በአስማት የተሸፈነ የመንግሥት አስተዳደር ታሪክ ነው። ሚኒስቴር አለው፤ ፍርድ ቤት አለው፤ ወህኒ ቤት አለው፤ ባንክ አለው፤ ለመንግሥት ያደረ ጋዜጣ አለው። ደራሲዋም እነዚህ ተቋማት የበሰበሱ መሆናቸውን ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ በትጋት አሳይታለች። ሲሪየስ ብላክ ችሎት ፊት ሳይቀርብ 12 ዓመት አዝካባን ታስሯል። ሃግሪድ በሁለተኛው መጽሐፍ «ለጥንቃቄ» ተብሎ ወደዚያው ወህኒ ተወስዷል። ሚኒስቴሩ በአምስተኛው መጽሐፍ የማይመቸውን እውነት በጋዜጣ ያስተባብላል፤ በሰባተኛው ደግሞ ዜጎችን በደም የሚመዘግብ ኮሚሽን ሲቋቋም አብዛኞቹ ሠራተኞች ወንበራቸውን ሳይለቁ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ማንም የመንግሥት ቢሮ የሚያውቅ ሰው ሳይገረም ያነበዋል። ክፉው ጌታ ሥልጣን ሲይዝ አዲስ ቢሮክራሲ መፍጠር አላስፈለገውም፤ ነባሩ በቂ ነበር።

ከዚህም የከበደ ጉዳይ አለ። የቤት አሽከር የሆኑት ኤልፎች ያለ ደሞዝ፣ ከጌታቸው ፈቃድ ውጭ መውጣት ሳይችሉ፣ ሲያጠፉ ራሳቸውን እየቀጡ ይኖራሉ። በአራተኛው መጽሐፍ ሄርማዮኒ የመብት ማኅበር ታቋቁምላቸዋለች፤ ጓደኞቿ ይስቁባታል፤ መጽሐፉም ከጓደኞቿ ጋር በግማሽ ልብ ይስቃል። ጎብሊኖች የአስማት በትር እንዳይይዙ በሕግ ተከልክለዋል፤ በሰባተኛው መጽሐፍ ግሪፕሁክ ይህን ቅሬታ ሲያነሳ መልስ አያገኝም። ከዚያም ጦርነቱ ያበቃል። ከባቡር ጣቢያው ትዕይንት በፊት ባለው የመጨረሻ ምዕራፍ መዝጊያ ላይ ድል አድራጊው ሃሪ የሚያስበው አሽከሩ ክሪቸር ሳንድዊች ያመጣለት እንደሆነ ነው።

ሳንድዊቹ ትንሽ ነገር ነው። ነገር ግን ሰባት መጽሐፍ ሙሉ «ደም ከደም አይበልጥም» ሲል የኖረ ሥራ አሽከሩን ሳይፈታ ማብቃቱን የሚናገረው ይኸው ትንሽ ነገር ነው። ደራሲዋ ክፍተቱ ሳይታያት አልቀረም። መጽሐፉ እንደ ወጣ ሰሞን ለአንባቢዎች ጥያቄ ስትመልስ ሄርማዮኒ ሚኒስቴሩ ውስጥ ገብታ የኤልፎችን ኑሮ እንዳሻሻለች፣ ነፍስ መጣጮቹ ጠባቂዎችም ከአዝካባን እንደተነሱ ተናግራለች። ዕዳው በመጽሐፍ ተገብቶ በቃለ ምልልስ ተከፈለ። በ«ከርስድ ቻይልድ» ሄርማዮኒ ሚኒስትር ሆና ትታያለች፤ እንዴት እዚያ እንደደረሰች፣ ምን እንደለወጠች፣ ማን እንደተቃወማት ግን ቲያትሩ ጊዜ የለውም። ጊዜን ወደ ኋላ ለመመለስ ይቸኩላልና።

ዕዳ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሚዛን ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። በካርታው ላይ ባዶ ቦታ መኖሩ ተከታይ አይጠይቅም፤ ባዶ ቦታ የአንባቢ ምናብ ርስት ነው። የዳምብልዶር ወጣትነት፣ የትምህርት ቤቱ መሥራቾች ዘመን፣ የሌሎች አገሮች አስማተኞች ቢጻፉ ይነበቡ ይሆናል፤ ባይጻፉ ግን ማንም አይጎድልበትም። ሥራው ራሱ ያነሳውና ሳይመልስ ያለፈው የፍትሕ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። እሱን የሚከፍል መጽሐፍ ያስፈልጋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንዲህ ያለ ክፍያ እንደሚቻል ያሳየችው ኡርሱላ ለጉዊን ናት። የ«ኧርዝሲ» ተከታታይ መጻሕፍቷ የተጀመሩት በ1968 ነው። በደሴቶች በተሞላ ዓለም ውስጥ ጌድ የተባለ ልጅ ጠቢብ ለመሆን ይማራል፤ ቆዳው ቀይ ዳማ ነው፤ በዚያ ዓለም ነጮቹ ከዳር የመጡ ወራሪዎች ናቸው። ለጉዊን ይህን ያደረገችው አስባበት ነው። በ2004 አንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጌድን በነጭ ተዋናይ ሲያቀርበው በአደባባይ ተቃውማለች። በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም የሐበሻ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ለልጁ መጽሐፍ ሲመርጥ ይህን ማወቁ አይከፋም። ሁለተኛውና ሦስተኛው መጽሐፍ በ1971 እና በ1972 ተከተሉ፤ ሦስተኛው የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አገኘ። ሦስቱ ሙሉ ነበሩ። ጌድ ኃይሉን ሁሉ ከፍሎ ዓለምን ያድናል፤ ዘንዶ ተሸክሞት ወደ አገሩ ይመለሳል። ማን ተጨማሪ ይጠይቃል?

የጠየቀችው ራሷ ደራሲዋ ናት። በሠራችው ዓለም ውስጥ የጠቢባኑ ትምህርት ቤት ወንዶችን ብቻ ይቀበል ነበር፤ የሴት አስማት ደካማና ክፉ ነው የሚል ብሂልም በመጀመሪያው መጽሐፍ ያለ ጥያቄ ተቀምጧል። ለጉዊን ይህን የጻፈችው አምናበት ሳይሆን የጀግና ተረት እንዲያ ነውና ነበር። ከ18 ዓመት ዝምታ በኋላ በ1990 «ቴሃኑ»ን አሳተመች። ዋናዋ ሰው ጌድ አይደለም፤ በሁለተኛው መጽሐፍ ወጣት ቄሰ ገበዝ የነበረችው ተናር ናት፤ አሁን ባሏ የሞተባት የገበሬ ሚስት ሆናለች። የገዛ ዘመዶቿ ደፍረው እሳት ውስጥ የጣሏትን አንዲት ሕፃን ታሳድጋለች። ጌድ ኃይሉን አጥቶ ይመጣል፤ ፍየል ይጠብቃል፤ ያፍራል። መጽሐፉ የሚጠይቀው ኃይሉ ያለቀበት ወንድ ምን ይሆናል፣ ኃይል ኖሯት የማያውቅ ሴትስ ምን ታውቃለች የሚለውን ነው። ጦርነት የለም፤ ሳህን ማጠብ አለ። ጀግናቸው የተዋረደባቸው የመሰላቸው አንባቢዎች አዝነዋል፤ አንዳንዶቹ ዛሬም አልታረቁም። ሐዘናቸው ይገባል፤ መጽሐፉ ግን ያስፈልግ ነበር። ያለ እሱ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ውብ ሆነው አንድ ዓይናቸው የታወረ ይሆኑ ነበር።

ለጉዊን በ«ቴሃኑ» ሽፋን ላይ «የመጨረሻው የኧርዝሲ መጽሐፍ» የሚል ንዑስ ርዕስ ማስቀመጧ ለፈገግታ የሚበቃ ነው። በ2001 ሁለት ተጨማሪ መጻሕፍት አወጣች። ከእነርሱ አንዱ፣ «ዚ አዘር ዊንድ»፣ በሦስተኛው መጽሐፍ የተሳለውን ደረቅና ጨለማ የሙታን አገር እንደገና ይመረምራል። ያ አገር የተፈጥሮ ሥርዓት ሳይሆን ጥንታውያን ጠቢባን ሞትን ለማሸነፍ ሲሉ የፈጸሙት ስርቆት ውጤት ሆኖ ይገኛል፤ ግንቡ ይፈርሳል፤ ሙታኑ ነጻ ይወጣሉ። አንድ ደራሲ በ30 ዓመት ርቀት የገዛ ዓለሟን ሥነ መለኮት ስታፈርስ ማየት በዘመናዊ ሥነ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚገጥም አይደለም።

ቶልኪን ግን በዚያው ጥያቄ ፊት ቆሞ ተቃራኒውን መርጧል። በ1950ዎቹ መገባደጃ «ዘ ኒው ሻዶው» የተሰኘ ተከታይ ጀመረ። ታሪኩ ከክፉው ጌታ ውድቀት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የሚሆን ነው። ሰላምና ብልጽግና ያሰለቻቸው ሰዎች ምስጢራዊ ማኅበር ያቋቁማሉ፤ ወጣቶች በአሮጌው ጠላት ስም መጫወት ይጀምራሉ። ጥቂት ገጾች ከጻፈ በኋላ ተወው። ምክንያቱንም በደብዳቤ ገልጿል፤ ታሪኩ ጨለማና ተስፋ አስቆራጭ ሆነበት፤ ሊሆን የሚችለውም ስለ ሴራና ስለ ሴራው መጋለጥ የሚተርክ ቀስቃሽ ልብ ወለድ ብቻ ነበር፤ ይህም አላጓጓውም። ልጁ ክሪስቶፈር በ1996 ያሳተመውን ያንን ቁራጭ ያነበበ ሰው ቶልኪን ትክክል መሆኑን ይረዳል። የመጀመሪያው ሥራ ለዚህ ጥያቄ ዕዳ አልነበረበትም። ድል ዘላለማዊ እንዳልሆነ «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ራሱ በመጨረሻ ገጾቹ ሁሉ ያለቅሳል።

ተከታይ የሚጽፈው ያው ደራሲ ብቻ መሆን አለበትን? ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከየትኛውም ሕዝብ ይልቅ የቀረበ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 የሳባ ንግሥት ወደ ሰሎሞን መጥታ በእንቆቅልሽ የምትፈትነው ታሪክ በ13 ቁጥሮች ያልቃል፤ ንግሥቲቱ ከአገልጋዮቿ ጋር ወደ አገሯ ተመለሰች ይልና ያቆማል። ክብረ ነገሥት የሚጀምረው እዚያ በቆመው ቦታ ነው ማለት ይቻላል። ንግሥቲቱ ወደ የት አገር ተመለሰች? ምን ይዛ ተመለሰች? በ14ኛው ክፍለ ዘመን በግእዝ የተጠናቀረው ይህ መጽሐፍ ለዚህ ዝምታ መልስ ሰጠ። የእምነትና የትውፊት ክብሩ እንደ ተጠበቀ ሆኖ እንደ ሥነ ጽሑፍ ብቻ ቢታይ፣ አንድ ሕዝብ በሌላ ሕዝብ መጽሐፍ ውስጥ የእንግድነት ቦታ ተሰጥቶት ከበሩ ሲሸኝ ታሪኩን ከበሩ ወዲህ የቀጠለበት ሥራ ነው። ያ ቀጣይ ታሪክ ሥርወ መንግሥት ተሸክሟል፤ በ1931 እና በ1955 ሕገ መንግሥታት ውስጥ የዘር ሐረጉ በአንቀጽ ሰፍሮ ሕግ ሆኗል። መልካሙንም ክፉውንም ለታሪክ ጸሐፍት መተው ይቻላል። እዚህ ላይ የሚጠቅመው ነጥብ አንድ ነው፤ ዕዳው የሚሰማው ሰው ሁልጊዜ ደራሲው አይደለም። ብዙ ጊዜ በታሪኩ ዳር የቆመው ነው።

የሩሲያው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ኪሪል የስኮቭ በ1999 የቶልኪንን ጦርነት ከተሸናፊዎቹ ከሞርዶር ወገን ሆኖ ጻፈው። በእርሱ መጽሐፍ ሞርዶር የክፋት ምድር ሳትሆን ወደ ኢንዱስትሪ የምትገሰግስ አገር ናት፤ ታሪኩን ያጠቆሩት አሸናፊዎቹ ናቸው። መጽሐፉ በሩሲያኛ ታትሞ ተነብቧል። እንግሊዝኛ ትርጉሙ ግን በነጻ ከመሰራጨት አልፎ በመደበኛ አሳታሚ በኩል ለገበያ አልቀረበም። ምክንያቱ የጥራት አይደለም፤ የሕግ ነው።

ሕጉ ደግሞ እንዲህ ነው። በእንግሊዝም ሆነ በአውሮፓ ኅብረት የቅጂ መብት ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። በአሜሪካ ከ1978 በኋላ ለተጻፉ የግለሰብ ሥራዎችም ልኩ ይኸው ነው፤ ከዚያ በፊት ለታተሙት ከኅትመት ጀምሮ እስከ 95 ዓመት ይደርሳል። ስለዚህ የክሪቸርን ታሪክ በክሪቸር ወገን ሆኖ ጽፎ መሸጥ የሚችለው የመብቱ ባለቤት የፈቀደለት ብቻ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ድርጅት ሲሆን የሚፈቅደው ሂሳቡ የሚገጥመውን ነው። የታወቀ ስም ያለው ሥራ የተመልካቹ ቁጥር አስቀድሞ ይገመታል፤ ኪሳራው ይቀንሳል፤ ብድር ሰጪውም ይረጋጋል። የኤልፎች ነጻነት በዚህ ሂሳብ ውስጥ አይገባም፤ የጨለማው ጌታ ልጅ ግን ትገባለች። በ2023 አንድ አሜሪካዊ የጻፈውን የ«ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ተከታይ አሳትሞ ጭራሽ የቶልኪንን ወራሾችና አማዞንን ሲከስ፣ ክሱ ውድቅ ተደርጎ መጽሐፎቹን እንዲያጠፋና ወደ 134,000 ዶላር የጠበቃ ወጪ እንዲከፍል ተፈርዶበታል። ፍርዱ በሕጉ ልክ ነበር፤ ሰውየውም ለርኅራኄ የሚመች ከሳሽ አልነበረም። ቢሆንም ፍርዱ የግዛቱን ድንበር በግልጽ ያሳያል።

ወራሾች ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆናቸው መነገር አለበት። ሮበርት ጆርዳን «ዘ ዊል ኦቭ ታይም»ን ሳይጨርስ በ2007 ሲያርፍ ማስታወሻዎቹን ትቶ ነበር፤ ባለቤቱና አርታኢው ሃሪየት ማክዱጋል ብራንደን ሳንደርሰንን መርጣ ሥራው በሦስት መጻሕፍት ተጠናቀቀ። ይህ ቃል የተገባለትን አንባቢ ማክበር ነው። ቴሪ ፕራቼት በተቃራኒው ያላለቁ ሥራዎቹ እንዲጠፉ አዘዘ፤ በ2017 ሃርድ ዲስኩ በእንፋሎት በሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ተጨፈለቀ። ልጁ ሪያና ፕራቼትም ሌላ የ«ዲስክወርልድ» ልብ ወለድ እንደማይኖር ተናግራለች። አርባ አንድ መጽሐፍ ለጻፈ ሰው በቂ መሰናበቻ ነው፤ የመዳመጫው ነገር ደግሞ ራሱ ሊጽፈው የሚችለው ትዕይንት ነበር።

ለተከታዮች ማምረቻው የሚቀርበው ምርጥ መከራከሪያ ድጎማ ነው። አንድ ሃሪ ፖተር መቶ የማይሸጡ አዳዲስ ደራሲያንን ይሸከማል ይባላል። እውነትነት አለው፤ ብሉምስበሪ ከትንሽ አሳታሚነት ተነስቶ የዛሬው ቤት የሆነው በዚያ ልጅ ትከሻ ነው። ነገር ግን ድጎማው የሚሠራው ነባሮቹ ሰባት መጻሕፍት በመሸጣቸው ነው፤ እነሱ ደግሞ ያለ ስምንተኛ ይሸጣሉ። ስምንተኛው የሚወስደው የመደርደሪያ ቦታ፣ የማስታወቂያ በጀትና የአንባቢ ሰዓት ከአዲሱ ደራሲ ነው የሚነሳው።

የቅጂ መብት ሁልጊዜ እንዲህ ረጅም አልነበረም። በ1710 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ለደራሲ 14 ዓመት ሰጠ፤ በሕይወት ካለ ሌላ 14 ይጨመርለታል። በድምሩ 28። ለጉዊን የመጀመሪያውን «ኧርዝሲ» ስታሳትም በሥራ ላይ የነበረው የ1909ኙ የአሜሪካ ሕግም 28 ዓመት ሰጥቶ አንድ ጊዜ ማሳደስን ይፈቅድ ነበር፤ ያ ተስፋ ለመጻፍ አነሳት እንጂ አላገዳትም። በ28 ዓመት ልክ ቢሰላ የመጀመሪያው ሃሪ ፖተር በ2025 ነጻ ይሆን ነበር። ሮውሊንግ የመጀመሪያዋን እትም ትሸጣለች፤ ስሟ ከሥራው አይነጠልም፤ ሌሎች ግን በእርሷ ዓለም ውስጥ የራሳቸውን ታሪክ በራሳቸው ስም ማሳተም ይችላሉ።

ይህን የሚቃወም ሁነኛ ማስረጃ ከራሷ ከለጉዊን ይገኛል። «ቴሃኑ» የመጣው በ22ኛው ዓመት ነው፤ «ዚ አዘር ዊንድ» ግን በ33ኛው። ደሴቶቹ በ1996 ለሁሉም ተከፍተው ቢሆን፣ ደራሲዋ በ2001 ስትመለስ የራሷን ሙታን አገር ሌሎች ረግጠውት ታገኝ ነበር። ጉዳቱ ከባድ ነው፤ በቀላሉ መታለፍም የለበትም። አንዳንድ ዕዳ ለመብሰል ረጅም ዘመን ይፈልጋል፤ ባለዕዳውም በሰላም እንዲያስብ መተው አለበት። ሆኖም የትኛው አንባቢ የእርሷን መጽሐፍ ከሌላ ሰው መጽሐፍ ያምታታ ነበር? ከሆሜር በኋላ የትሮይን ጦርነት የቀጠሉ ብዙዎች ናቸው፤ ዛሬ አብዛኞቹን የሚያውቁ ሊቃውንት ብቻ ናቸው፤ ኤንያስን ይዞ ወደ ሮም የተሻገረው ቨርጂል ግን ቀርቷል። ወንፊቱ ዘመን ነው፤ ወንፊቱ እንዲሠራ ግን እህሉ መግባት አለበት።

የመጥፎ መጻሕፍት ጎርፍ ይመጣል የሚለውም ስጋት ከእውነታው ዘግይቷል። ጎርፉ መጥቷል። በአንባቢዎች የተጻፉ፣ ያለ ዋጋ የሚነበቡ የሃሪ ፖተር ታሪኮች በመቶ ሺህዎች ይቆጠራሉ። ብዙዎቹ ደካማ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ኤልፎቹን ፈትተዋል፤ ሚኒስቴሩን አሻሽለዋል፤ አዝካባንን ዘግተዋል። አርታኢ ያላየቸው፣ ተቺ ያልመዘናቸው፣ ጸሐፊያቸውም ሳንቲም ያላገኘባቸው ሥራዎች ናቸው። የአገር ቤቱ ተራኪ ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል፤ ለሚቀጥለው ተራ ይለቅና ዳቦውን ይጠብቃል። አሁን ባለው ሥርዓት ተራውም ዳቦውም ለ70 ዓመት ሙት ዓመት በአንድ ቤት ተቆልፎባቸዋል።

ስለዚህ ለርዕሱ ጥያቄ መልሱ ሁለት ነው። ከባለመብቶቹ እጅ የሚወጣ፣ የሞተ ጠላት የሚያስነሳና ጊዜን የሚመልስ ስምንተኛ መጽሐፍ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሄርማዮኒ ሚኒስቴሩ ውስጥ የመጀመሪያውን ረቂቅ አዋጅ ይዛ ስትገባ የሚጀምር፣ ባለባበት ቤተሰቦች፣ ጎብሊን ባንከኞችና ነጻነቱን የማይፈልገው አሮጌ ኤልፍ ጭምር ሲቃወሟት የሚቀጥል መጽሐፍ ነው። እሱን ሮውሊንግ ራሷ ብትጽፈው እንደ ለጉዊን ያለ ሥራ ይሆን ነበር። እስካሁን ግን ወደዚያ የመመለስ ምልክት አላሳየችም፤ ከ2012 ወዲህ ለአዋቂዎች የጻፈቻቸው ልብ ወለዶች፣ በሮበርት ጋልብሬዝ ስም የሚወጡትን የወንጀል ታሪኮች ጨምሮ፣ ሌላ መንገድ ይዘዋል። ደራሲ የመዞር ሙሉ መብት አላት።

ሌላ ሰው ይጻፈው ከተባለ ደግሞ ቀን መቁጠሪያ ማውጣት ነው። በአሜሪካ «ዘ ሆቢት» ነጻ የሚሆነው በ2033 መባቻ ነው። የ«ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» የመጀመሪያ ሁለት ቅጾች በ2050፣ ሦስተኛው በ2051 ይከተላሉ፤ በእንግሊዝ የቶልኪን ሥራዎች ጥበቃ በ2043 ማብቂያ ያከትማል። ሃሪ ፖተርን ዛሬ በሰባት ዓመቷ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የጀመረች ልጅ የክሪቸርን መጽሐፍ መጻፍ ብትፈልግ፣ ሮውሊንግ ነገ ብታርፍ እንኳ የምትጠብቀው 70 ዓመት ነው፤ በ77 ዓመቷ ትጀምረዋለች።